«ጨዋ ልጅ ነው»

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ አንዲት እናት ከልጇ መምህራን ጋር ተገናኝታ ስትመለስ እናስብ። «ጨዋ ልጅ ነው፤ ድምፁም አይሰማም» ብለዋታል። ልጁ 13 ዓመቱ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል። ደስ ብሏት ቤት ስትገባ ግን መብራቱን አጥፍቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ጥግ ይዞ ታገኘዋለች። እራት አይበላም፤ የቤት ሥራም አይነካም። ታናሽ እህቱ ስታናግረው ይጮህባታል። ትናንትም እንዲሁ ነበር፤ ከትናንት ወዲያም። አንዱ ትምህርት ቤት የሚውል፣ ሌላው ቤት የሚያድር ሁለት ልጆች ያሏት ይመስላታል።

ይህን ልጅ ያበጀሁት ለማስረዳት ብዬ ነው። ኦቲዝም ያለበት ጎረምሳ ያሳደገ ቤተሰብ ግን የራሱን ልጅ ያይበታል።

ተመራማሪዎች ነገሩን «ማስኪንግ» ይሉታል፤ ጭምብል ማጥለቅ እንደማለት ነው። ልጁ ጓደኞቹ ሲስቁ አይቶ ይስቃል። የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ በሆዱ ይለማመዳል። እጁን ማወዛወዝ ሲያምረው ኪሱ ውስጥ ይጨብጠዋል። ሌላው ተማሪ ሳያስበው የሚያደርገውን ሁሉ እሱ እያሰበ ስለሚያደርገው፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ በባዕድ ቋንቋ ሲያስተረጉም እንደዋለ ሰው ደክሞ ይገባል። ቀን የታመቀው ማታ የሚፈነዳው፣ የማያስፈራው ቦታ ቤቱ ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤቱ «እኛ ዘንድ ምንም ችግር የለበትም» ሲል ብዙ ጊዜ አልዋሸም፤ ያየው ጭምብሉን ነው።

ይህ ጭምብል እኛ ቤት ሲደርስ ይወፍራል። በትልቅ ሰው ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ፣ ሳይጠየቁ አለመናገር፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ መግባት፤ አንድ የአሜሪካ መምህር ምናልባት ልብ ሊለው የሚችለውን ምልክት ሁሉ እኛ በሥነ ምግባር መዝገብ እንጽፈዋለን። ብዙዎቻችን ኦቲዝም የሚለውን ቃል የለመድነው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ በመሠረቱት የጆይ ኦቲዝም ማዕከል በኩል ነው፤ በአእምሯችን የቀረውም ሥዕል የማይናገር ሕፃን ነው። ሒሳብ የሚችል፣ የአውሮፕላን ዓይነቶችን በስም የሚዘረዝር ጎረምሳ ከዚያ ሥዕል ጋር አይገጥምም። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ክትትል ባደረገባቸው አካባቢዎች ከ31 የ8 ዓመት ልጆች በአንዱ ኦቲዝም ተለይቷል። በ8 ዓመቱ ሳይለይ የቀረው ግን የሚታወቀው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሰባተኛ ክፍል ላይ ሲወድቅ ነው።

ለምን ሰባተኛ ክፍል? ኤለመንታሪ እያለ አንድ መምህር፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መደርደሪያ ነበረው። ሚድል ስኩል ሲገባ ሰባት መምህር፣ ሰባት ዓይነት ሕግ፣ በየ45 ደቂቃው ደወል ይጠብቀዋል። የትኛው ሥራ ለየትኛው ቀን እንደሆነ መያዝ፣ አንዱን አቋርጦ ሌላ መጀመር፣ ጊዜን መገመት፤ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች «ኤግዚኪዩቲቭ ፈንክሽን» የሚሉት ይህ አስተባባሪ ችሎታ በብዙ ኦቲስቲክ ልጆች ዘንድ ከዕውቀታቸው ጋር እኩል አይሄድም። የጂኦሜትሪውን ጥያቄ በቃሉ ይፈታና ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ይረሳዋል። ውጤቱም ዜሮ ይሆናል፤ «ሰነፍ» የሚል ስምም ይከተለዋል።

ድምፁም አለ። ሌላው ሰው አንድን ድምፅ ደጋግሞ ሲሰማ አእምሮው ይለምደውና መቁጠር ያቆማል። ድምፅና ንክኪ እጅግ በሚያስጨንቃቸው ኦቲስቲክ ወጣቶች ላይ የተደረጉ የአእምሮ ምስል ጥናቶች ግን አደጋን የሚጠባበቀው የአእምሮ ክፍል፣ አሚግዳላ፣ እንደሌሎቹ ቶሎ እንደማይለምድ አሳይተዋል። ስድስተኛው ደወል እንደ መጀመሪያው ያስደነግጠዋል ማለት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የቋንቋው ነገር ነው። በታችኞቹ ክፍሎች የሚጠየቀው ሰሙ ነው፦ ውሻው ወዴት ሮጠ? ስንት ፖም ቀረ? ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ ወርቁ ይፈለጋል፦ ገጸ ባሕርይዋ ይህን ስትል ምን ማለቷ ነው? ደራሲው ለምን ዝናብ አመጣ? በቃል የተነገረውን አጥርቶ የሚሰማ፣ ያልተነገረውን ግን እንዲገምት ሲጠየቅ ግራ የሚገባው ልጅ እዚህ ላይ በአንድ መንፈቅ ከኤ ወደ ዲ ሊወርድ ይችላል። በጓደኞቹ መካከልም እንዲሁ ነው፤ የ13 ዓመት ልጆች ጨዋታ ከሞላ ጎደል ቅኔ ነው።

እናትየዋ እንግዲህ ምን ታድርግ? አብዛኞቻችን መምህርን አክብረን ስላደግን፣ «እነሱ ያውቃሉ» ብለን እንጠብቃለን። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? በዚህ ጉዳይ ይነቅዛል። የአሜሪካ የልዩ ትምህርት ሕግ ለወላጅ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ የተወለደውም ከወላጆች ክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቤተሰቦች «ልጆቻችን በአካል ጉዳት ምክንያት ከትምህርት ቤት ተባረሩ» ብለው የከተማዋን የትምህርት ቦርድ ከሰሱ። ቦርዱ ገንዘብ የለኝም ቢል ዳኛው በ1972 በሰጡት ፍርድ አልተቀበሉትም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1975፣ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ዛሬ «አይዲኢኤ» የሚባለውን ሕግ ፈረሙ። ኦቲዝም በስሙ ተጠቅሶ ወደ ሕጉ የገባው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ከተጨማሪው ወጪ 40 በመቶ ሊሸፍን ቃል ገብቶ ነበር፤ እስካሁን ሙሉውን ሸፍኖ አያውቅም። ትምህርት ቤቶች እግራቸውን ሲጎትቱ ሁልጊዜ ከክፋት አይደለም፤ ያልተከፈለ ዕዳ ተሸክመው ነው።

የሕጉ ሞተር የሚነሳው በወረቀት ነው። ኮሪደር ላይ የተባለ፣ በስልክ የተነገረ፣ ካውንስለሯ «እሺ፣ እንከታተለዋለን» ያለችው ሁሉ ብዙ ጊዜ ቀን አያስቆጥርም። ለርዕሰ መምህሩ የምትላክ አጭር ኢሜይል ግን ታስቆጥራለች፦ የልጁ ስም፣ ክፍሉ፣ «ኦቲዝም እንዳለበት ስለምጠረጥር ለልዩ ትምህርት አገልግሎት ሙሉ ግምገማ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ቤት ውስጥ የሚታየው ነገር በሁለት መስመር፣ ቀን። በአማርኛም መጻፍ ይቻላል። በፌዴራሉ ሕግ ወላጅ ለግምገማው ፈርሞ ከፈቀደ በኋላ 60 ቀን አለ፤ ክልሎች የራሳቸውን ልክ ማውጣት ይችላሉ። ሜሪላንድ ከፈቃዱ 60፣ ከጽሑፍ ጥያቄው ደግሞ 90 ቀን እንዳያልፍ ታዛለች። ቨርጂኒያ ከጥያቄው ጀምሮ 65 የሥራ ቀን ትሰጣለች።

ትምህርት ቤቱ እምቢ ማለት ይችላል፤ ግን ምክንያቱን ጽፎ ነው። «መጀመሪያ ሌላ ነገር እንሞክር» የሚለው መልስ የተለመደ ነው፤ መሞከሩ ደግ ሆኖ ሳለ ግምገማን ማዘግያ ሊሆን እንደማይገባ የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 በጽሑፍ አሳውቋል። «ክፍል እያለፈ ነው» የሚለውም ብቻውን በር አይዘጋም፤ ደንቡ ከክፍል ክፍል እያለፈ ያለ ልጅም መብቱ እንዳለው በግልጽ ይናገራል። በእኔ አስተያየት በወረቀት የተጻፈ «አይሆንም» ከሚያባብል «እናያለን» ይሻላል፤ በወረቀት ላይ ይግባኝ ይባላል።

የሐኪም ወረቀት ይዞ መሄድም ይጠቅማል፤ ነገር ግን የሐኪሙ ምርመራና የትምህርት ቤቱ ግምገማ አንድ አይደሉም። ሐኪሙ ኦቲዝም አለ ወይስ የለም ይላል። ትምህርት ቤቱ የሚመልሰው ኦቲዝሙ ትምህርቱን ጎድቶታል ወይ፣ ልዩ የማስተማር ዘዴስ ያስፈልገዋል ወይ የሚለውን ነው። ትምህርት ማለት ደግሞ ውጤት ብቻ አይደለም፤ ምሳ ሰዓት መጸዳጃ ቤት ተደብቆ ማሳለፍም ይቆጠራል። ለዚህ ነው እናትየዋ ያየችውን የምትጽፍበት ማስታወሻ ደብተር የሚያስፈልጋት፤ ጭምብሉ የሚወልቅበትን ቦታ የምታየው እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ የግምገማው ውጤት የሚታይበት ስብሰባ ይመጣል፤ እዚህ ላይ አንድ ቃል ቤት ያፈርሳል። አስተርጓሚው «ዲስአቢሊቲ» የሚለውን «አካል ጉዳተኝነት» ይለዋል፤ አባት ይነሳሉ። «ልጄ አካሉ ሙሉ ነው!» እውነታቸውን ነው፤ ቃሉ አማርኛ ውስጥ የሚስለው እግርና ዓይንን ነው። በሕጉ ቋንቋ ግን ቃሉ ቁልፍ ነው፤ ካልተባለ በሩ አይከፈትም። ስሙ ግንባሩ ላይ ይለጠፍበታል ብለው ለሚሰጉም፦ ፋይሉ በሕግ የተጠበቀ ምስጢር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት አባቶቻችን ናቸው፤ ኦቲዝም በሽታ ባይሆንም ነገሩ ይሠራል።

አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። እንግሊዝኛ የሚችል ወላጅም ቢጠይቅ አይከፋም፤ በሥራ ቦታ እንግሊዝኛና በዚያ ጠረጴዛ እንግሊዝኛ መካከል ገደል አለ። ታላቅ እህቱን ማስተርጎም ግን ለእሷም ለእሱም በደል ነው። በዚሁ ጠረጴዛ ላይ አንዳንዴ «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩ» የሚል ምክር ይወረወራል። አትቀበሉት። ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ኦቲስቲክ ልጆችን አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚሰሙት ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ሁለተኛው ቋንቋ ጉዳት እንዳደረሰ አላገኙም። አማርኛውን ያጣ ልጅ የሚያጣው አያቱን ነው።

ልጁ ይገባዋል ከተባለ «አይኢፒ» ይጻፋል፤ በስሙ የተዘጋጀ፣ በየዓመቱ የሚታደስ የትምህርት ዕቅድ ነው። ከእሱ ቀለል ያለው «ፋይቭ ኦ ፎር» የሚባለው ነው፤ እሱ ተጨማሪ ሰዓትና ምቹ መቀመጫ የመሰለ ማስተካከያ ሲሰጥ፣ አይኢፒ ግን ለልጁ የተለየ ማስተማርን ይጨምራል። ዕቅዱ የሚመዘነው በቁጥሮቹ ነው። «የማደራጀት ችሎታው ይሻሻላል» የሚል ግብ ነፋስ ነው። «ከሚሰጡት 10 የቤት ሥራዎች 8ቱን በቀናቸው ያስረክባል፤ ይህንንም አራት ሳምንት በተከታታይ ያሳያል» የሚለው ግን ይቆጠራል። «የንግግር ባለሙያ ያየዋል» ከማለትም «በሳምንት 45 ደቂቃ» ይሻላል። አፉ ለተፈታ ልጅ የንግግር ባለሙያ ምን ታደርግለታለች ትሉ ይሆናል፤ ወርቁን መፈለግ የምታስተምረው እሷ ናት።

ምን ያህል ዕድገት ይበቃል? ይህን የመለሰው ኦቲዝም ያለበት የኮሎራዶ ልጅ ጉዳይ ነው። ወላጆቹ ዕቅዱ ከዓመት ዓመት ያው ሆኖባቸው ከአራተኛ ክፍል በኋላ ወደ ግል ትምህርት ቤት አዛወሩት፤ እዚያም ተሻለው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ከምንም ትንሽ ከፍ ያለ ጥቅም ከተገኘ ይበቃል ብሎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 በስምንት ዳኞች ሙሉ ድምፅ ያንን ሻረ፤ ዕቅዱ ልጁ ያለበትን ሁኔታ አይቶ ለእሱ ተገቢ ለሆነ ዕድገት የሚያበቃ መሆን አለበት አለ።

ለጎረምሳ ደግሞ ጊዜው አጭር ነው። መደበኛውን የሃይስኩል ዲፕሎማ በተቀበለበት ቀን ይህ ሕግ እጁን ያነሳል። ስለዚህ ሕጉ ከትምህርት ቤት በኋላ ስላለው ሕይወት የሚያወራ ዕቅድ ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው ተጀምሮ እንዲገኝ ያዛል፤ ሜሪላንድ ወደ 14 አውርዳዋለች። ያ ውይይት ባለበት ስብሰባ ላይ ልጁ ራሱ መጋበዝ አለበት።

ያበጀሁት ልጅ እስከዚያ ስብሰባ 14 ይሞላዋል። ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ይቀመጣል፤ እናቱ በአስተርጓሚ በኩል ስለ ወደፊቱ ትናገራለች፣ ሥነ ልቦና ባለሙያዋ ውጤት ታነባለች። የሚፈልገው ነገር ካለ ሲጠየቅ ብዙ ቆይቶ አንድ ነገር ብቻ ይላል፦ ደወሉ ከመደወሉ ሦስት ደቂቃ በፊት ከክፍል መውጣት።