ዝናብ ፈርቶ ወንዝ መግባት፦ ወሎ 1965

ፈረንሳዮች ግሪቡይ የሚሉት አንድ ሞኝ አላቸው፤ ዝናብ እንዳያበሰብሰው ፈርቶ ወንዝ ውስጥ ዘሎ የሚገባ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1850 ጆርጅ ሳንድ፣ በ1862 ደግሞ የሴጉር ኮንቴስ ስሙን በመጽሐፎቻቸው ርእስ ላይ አውጥተውታል። ዛሬም አንድ መንግሥት የሚሸሸውን ጣጣ በገዛ እጁ ሲጠራ ያየ የፈረንሳይ ጋዜጠኛ «የግሪቡይ ፖለቲካ» ይላል። እኛ ዘንድ ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ አለ፤ እሱ ግን ባለማየቱ ይታዘንለታል። ግሪቡይ ወንዙን እያየ፣ ውሃ እንደሚያበሰብስም እያወቀ ነው የሚዘለው። በአገራችን ታሪክ የዚህ ዓይነቱን ምርጫ እንደ ወሎ ረሀብ አጉልቶ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። በ1965 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ስሜ ይጠፋል ብሎ ረሀቡን ደበቀ፤ ዓመት ተኩል ሳይሞላ ስሙም መንግሥቱም አብረው ጠፉ። ነገሩ የአላዋቂዎች ስሕተት ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ያወቁ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስሌት ትክክል ሆነው፣ ተባብረው የሠሩት ጥፋት ነው እላለሁ።

ይህን ለመረዳት ሰባት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ይጠቅማል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረሀብ መጋለጥ በጻፉት መጽሐፍ የመዘገቡት አንድ የደብዳቤ ጉዞ አለ። በ1958 መግቢያ ላይ በደቡብ ወሎ በወረኢሉ አውራጃ ሰው መራብ ጀመረ። የአካባቢው ፖሊስ ነገሩን ባወቀ በወሩ ገደማ፣ በኅዳር፣ ወሬው አገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ፤ እስከዚህ ድረስ ለዚያ ዘመን የሚያስመሰግን ፍጥነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከሚኒስቴሩ ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ እስኪደርስ 302 ቀናት ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስቴሩን አንድ ነገር አድርግ አሉት። ሚኒስቴሩ ያደረገው የሞቱት ሰዎች የስም ዝርዝር ይላክልኝ ብሎ ለወሎ ባለሥልጣናት መጻፍ ነበር። ይህን እንደ ቀልድ የሚያነበው ይኖራል፤ ሆኖም የስም ዝርዝር መጠየቅ በቢሮ ሕግ ምንም ጥፋት የሌለበት ሥራ ነው። የጠየቀው ጸሐፊ ሥራውን ሠርቷል፣ ማስረጃ ፈልጓል፣ ኀላፊነቱንም ከጠረጴዛው አንሥቶ ወደ ደሴ መልሷል። ከወረኢሉ የሚጠበቀው ምላሽ እስኪመጣ ድረስ በእሱ በኩል የተጓደለ ነገር የለም።

በ1965 ወሬው የተጓዘው በአንድ ደብዳቤ ብቻ ስላልነበር አልሰማንም ለማለት ከ1958ቱ ይልቅ ይከብድ ነበር። የግብርና ሚኒስቴር ባለሙያዎች ባካሄዱት የሰብል ቅኝት አዝመራው መበላሸቱ ታውቋል። ከሺህ የሚበልጡ የወሎ ገበሬዎች በእግራቸው አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ፖሊስ ከከተማዋ መግቢያ ላይ አግዷቸዋል። ከአዲስ አበባ በኮምቦልቻና በደሴ አድርጎ ወደ አሥመራ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዳርና ዳሩን በተራቡ ሰዎች ተሞልቶ፣ አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። በዚያ መንገድ ያለፈ ሹም ሁሉ፣ መስኮቱን ቢዘጋም እንኳ፣ አይቷል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ፎቶግራፍ አንሥተው ተመልሰው፣ ሥዕሎቹም በግቢው ለእይታ ቀርበዋል። በግንቦት ደግሞ አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን አሥረኛ ዓመት ለማክበር የአህጉሩን መሪዎች ተቀበለች፤ ከተማዋ እንግዳ ስትቀበል ገበናዋ እንዲታይ የሚፈልግ አልነበረም። ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ ግን አሜሪካዊው ጸሐፊ ጃክ ሼፐርድ የዘገበው ነው። በነሐሴ 1965 ዩኒሴፍ ስለ ረሀቡ ዘገባ ሲያዘጋጅ፣ አንድ የፕላን ምክትል ሚኒስትር፣ እርዳታ ለማግኘት ነገሩ እንዲህ ተደርጎ መጻፍ ካለበት እርዳታው ይቅርብን፤ ለመንግሥት የሚያመጣው ኀፍረት አያዋጣም የሚል መልስ ሰጡ። እኚህ ሰው የወሎን ሁኔታ አልካዱም። ሚዛን አንሥተው በአንድ ወገን ሕይወትን በሌላው ወገን ኀፍረትን አስቀምጠው መዘኑ፤ ምርጫቸውንም ተናገሩ።

ኀፍረቱ ግን አልቀረም። ጥቅምት 8 ቀን 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢን «ያልታወቀው ረሀብ» የተባለ ፊልም አሳየ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዓለም ሁሉ ወሎን አወቀ። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወሎን ጎበኙ። እርዳታው መጉረፍ የጀመረው የወሎ ክፉ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር፤ የሟቾቹ ቁጥር እንደ ገማቹ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ የዘመን መለወጫ ዕለት፣ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት የድግስ ሥዕሎች ጋር ተቀነባብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ሰውን ለማዳን ያልታየ ሥዕል ንጉሥ ለማውረድ ታየ።

መንግሥቱ ድሃ ነበር፣ ቢያምንስ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር የሚል ክርክር አለ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ስለ ድህነትና ስለ ረሀብ በጻፈው መጽሐፍ የወሎን ጉዳይ በዝርዝር መርምሮ ያገኘው ይህን ክርክር ያዳክመዋል። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ከወትሮው የቀነሰው በመቶ 7 ገደማ ብቻ ነበር። ይበልጥ የሚያስደንቀው የደሴ ገበያ ነው። የእህል ዋጋ በደሴ ያን ያህል አልናረም፤ ደመወዝ የሚቆረጥለት የሆጤ ወይም የፒያሳ ነዋሪ በዚያ ዓመት ጤፍ ሲሸምት ከቀደሙት ዓመታት ብዙም የራቀ ዋጋ አልገጠመውም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ ነበር። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚሸጠው ምርት ስለሌለው የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ከብቱን ሊሸጥ ሲያወጣም ሁሉም እያወጣ ስለነበር በሬው ዋጋ አጣ። የአፋሩ አርብቶ አደር ደግሞ ቀደም ሲል የአዋሽ ዳር ግጦሹን ለእርሻ ልማት ተነጥቆ ነበር። ገበያው ገዢ ባጣበት ቦታ እህሉ ገዢ ወዳለበት መንገዱን ይዞ ይሄዳል፤ የሚለማመኑት ሰዎች በቆሙበት በዚያው አውራ ጎዳና። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ብዙ መርከብ ብቻ አልነበረም። ለተራበው ሰው የሚገዛበትን ገንዘብ ወይም በጊዜ የደረሰ ስፍር እህል መስጠት ይቻል ነበር። ይህን ለማድረግ ግን አስቀድሞ ረሀብ አለ ማለት ያስፈልጋል።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል፤ ዙፋኑን የጣለው ወሎ አይደለም የሚለው። እውነት ነው፣ በጥር 1966 ነገሌ ላይ ያመፀው ጦር ያመፀው በገዛ ራሱ ምግብና ውሃ ምክንያት ነው። በየካቲት የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ፣ መምህራን በትምህርት ፖሊሲው አድማ መቱ፤ በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። የተራበው የወሎ ገበሬ አልሸፈተም፤ መሸፈቻ ጉልበቱ የት ነበረና! ይሁን እንጂ በመንግሥት ላይ መቆጣት አንድ ነገር ነው፣ መንግሥትን የሚከላከል ሰው መጥፋት ሌላ ነው። ወታደሩም መምህሩም ጥያቄው የገዛ ሥራውና ኑሮው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመልስ መንግሥት ሊሰነብት ይችል ነበር። ወሎ ግን የንጉሠ ነገሥቱን አባትነት ነካ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲነገር የኖረው አገዛዙ ሕዝቡን እንደ ልጅ ይጠብቃል የሚለው ቃል በአንድ ፊልም ፈረሰ። ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው ወታደራዊው ደርግ ከሁሉ ነገር መርጦ ያንን ፊልም በመጨረሻዋ ማታ ማሳየቱ የት ላይ መምታት እንዳለበት ማወቁን ያሳያል።

ይህን ካወቀ በኋላ ራሱ ደርግ ያደረገው ነገር፣ የወሎ ጥፋት የሞኝ ንጉሥ ወይም የፊውዳል ሥርዓት ታሪክ ነው የሚለውን ትርጓሜ ያፈርሰዋል። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው በወሎ ረሀብ ምክንያት ነው፤ ሥራውም እንዲህ ያለው ነገር አስቀድሞ እንዲታወቅ ነበር። ኮሚሽኑ በ1976 አጋማሽ ሌላ ረሀብ እየመጣ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ለጋሽ አገሮች ቁጥሩን ተጠራጠሩ። በአገር ውስጥ ደግሞ ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን (ኢሠፓን) ምሥረታ በመስከረም 1977 በታላቅ ድምቀት ለማክበር ከተማዋን በቅስትና በባንዲራ ያስጌጥ ነበር፤ የኮረምና የባቲ ሜዳዎች ግን በተራበ ሰው ተሞልተው ነበር። ጥቅምት 13 ቀን ጋዜጠኞቹ ማይክል ቡርክና ሙሐመድ አሚን ከኮረም ያነሡት ሥዕል በቢቢሲ ታየ። በፊልም ሥልጣን የያዘ መንግሥት ዓለም ፊት በፊልም ተዋረደ። የኮሚሽኑ ኀላፊ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከዓመት በኋላ አገር ለቅቀው ወጡ፤ ያዩትንም በመጽሐፍ ጻፉት። ንጉሣዊው ሥርዓት ታሪክ ስላልነበረው ተሳሳተ ቢባል እንኳ ደርግ የቅርብ ጊዜ ታሪክ፣ ለዚሁ የተቋቋመ መሥሪያ ቤትና ማስጠንቀቂያ በእጁ ነበረው።

ስለዚህ መልሱ ያለው በመሪዎቹ ጠባይ ላይ ብቻ አይመስለኝም። የ1965ቱን ሹም እንውሰድ። ወሎ በስም የአልጋ ወራሹ ግዛት ነበር፤ በወሎ ሰው በረሀብ አለቀ ብሎ መጻፍ ዙፋኑን መክሰስ ነው። ጸሐፊው ወዲያውኑ፣ በስሙ፣ በእንጀራው ይከፍላል። ዝም ቢል ግን ጣጣው ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም የሁሉም እንጂ የእሱ ብቻ አይደለም። በዚህ ሚዛን ዝምታ ለእያንዳንዱ ሹም ብልኅነት ነው። የብልኆች ዝምታ ሲደመር ግን መንግሥቱን ግሪቡይ ያደርገዋል። የውጭዎቹም ከዚህ ነጻ አልነበሩም፤ በአዲስ አበባ የነበሩ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ኤምባሲዎች ያውቁ ነበር፣ ግን ባለ አገሩ ሳይጠይቅ መናገር ግንኙነት ያበላሻል ብለው ዝም አሉ። አሜሪካዊቷ የታሪክ ጸሐፊ ባርባራ ታክማን መንግሥታት የገዛ ጥቅማቸውን ስለሚፃረሩበት ነገር በጻፈችው መጽሐፍ፣ ጥፋቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የቡድን መሆን አለበት ብላ የወሰነችው ለዚህ ይመስለኛል። መጽሐፉ የታተመው በፈረንጆች 1984 መሆኑ፣ ኮረም የተቀረፀበት ዓመት መሆኑ፣ እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር ነው።

ገበና የገለጠ መንግሥት ይወድቃል የሚለው ፍርሀት ራሱ ትክክል ቢሆን ኖሮ ዝምታው ቢያንስ ለዙፋኑ ያዋጣ ነበር ማለት ይቻላል። በ1995 የሆነው ግን ይህን አይደግፍም። በዚያ ዓመት መግቢያ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በዓለም አቀፍ መገናኛ ብዙኃን ቀርበው የሚመጣው ከ1977ቱ ሊብስ ይችላል ብለው ተናገሩ። እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር ከ13 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከ1977ቱ የሚበልጥ። እህሉ በአብዛኛው በጊዜ ደረሰ። የሞተ አልነበረም ማለት አይደለም፣ በተለይ ሕፃናት ሞተዋል፤ ነገር ግን ባቲና ኮረም አልተደገሙም። መንግሥቱም በዚህ ምክንያት አልወደቀም፤ ኢሕአዴግ ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ገዝቷል። አንዳንዱ ሰው ይህ ለማኝነት ነው፣ የአገር ክብር ይነካል ይላል። የአገርን ክብር በተመለከተ የ1966ቱንና የ1977ቱን ፊልሞች ያየ የውጭ ሰው ዛሬም ኢትዮጵያ ሲባል ምን ትዝ እንደሚለው መጠየቅ ይበቃል፤ ያንን ስም የሰጠን ልመናው ሳይሆን ሥዕሉ ነው፣ ሥዕሉን ያመጣው ደግሞ መዘግየቱ።

ሆኖም 1995 ነገሩን ጨርሶ ፈታው ለማለት አልደፍርም። ያኔ የተናገረው ከላይ ያለው ሰው ነው፤ ከታች ያለው ጸሐፊ የሚከፍለው ዋጋ ብዙም አልተለወጠም። ከዚያ ወዲህም ሹማምንት ድርቅ ማለትን እንጂ ረሀብ ማለትን አይወዱም። የተረጂው ቁጥርም ከቀበሌና ከወረዳ ተሰብስቦ ዞንና ክልል አልፎ አዲስ አበባ ሲደርስ ወዲያውኑ አይታተምም፤ መንግሥትና ለጋሾች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይደራደሩበታል፣ አንዱ ይጨምራል ሌላው ይቀንሳል። እስኪስማሙ ድረስ ቁጥሩ የማንም አይደለም።