ለውሻ የተላከ ደብዳቤ

ገበሬ ወንድሜ፥ ገበሬ እህቴ፥ ወረቀት ሲሰጧችሁ መጀመሪያ አንብቡ።

በ2004 ዓ.ም. ክረምት በአሜሪካ አገር፥ በቨርጂኒያ፥ አንድ የቅስቀሳ ድርጅት «ለምርጫ ተመዝገቡ» እያለ በየቤቱ ፎርም ላከ። ስም ዝርዝሩን ከነጋዴ ገዝቶት ኖሯል። ደብዳቤው ለሞተ ሰው፥ ለሞተ ውሻ ሳይቀር ደረሰ! ውሻ ይመርጣል እንዴ? ሰዉ ከመንግሥት የመጣ መስሎት ግራ ገባው።

በእኛ አገር መራጭ የሚመዘግበው ምርጫ ቦርድ ነው። በ2013ቱ ምርጫ ማኅበራትም ያስተምሩ ነበር፤ ማስተማርና መመዝገብ ግን ለየቅል ነው። አዋጅ 1162/2011 ዕድሜ 18 ዓመት፥ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖር ይላል።

መካነ ብርሃን ገበያ ላይ አንዱ ወረቀት ቢሰጣችሁ የላኪውን ስም ፈልጉ። የቦርዱ ስም ካጣችሁ፥ አትፈርሙ፤ ምርጫ ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱና ጠይቁ።