በዱር ደጃፍ እንግዳ ስለሚቀበሉ ሰዎች

እንግዳን መቀበል በአገራችን ከልጅነት ጀምሮ የሚማሩት ሥራ ነው። አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ አጠገብ፤ ቀን በሞቀ ጊዜ፤ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት መንገደኞች አይቶ ለመቀበል መሮጡን ያልሰማ የለም። ዛሬ ለቤተ ሰብ የመረጥነው ነገር ይህንኑ ይመስላል፤ ነገር ግን ደጃፉ የሰው ቤት ደጃፍ ሳይሆን የዱር ደጃፍ ነው።

በአሜሪካ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፤ አብዛኛው በኒው ሃምሽየር ግዛት ውስጥ የሚገኝ፤ «ነጭ ተራሮች» የሚባል አገር አለ። ዱሩ ቀድሞ በእንጨት ነጋዴዎች ተቈርጦ፤ የተረፈውም በእሳት ተጎድቶ ነበር። መንግሥቱ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1911 በወጣው ሕግ መሬቱን ከባለቤቶቹ እየገዛ በ1918 የሕዝብ ደን አደረገው። ዛሬ ዛፉ በቅሎ ጫካው ስለ ተመለሰ፤ በእግር ለመሄድ ከከተማ የሚመጣው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው።

ተራራው ግን ገራም መስሎ ሰውን ያታልላል። ከሁሉ የሚበልጠው የዋሽንግተን ተራራ ከፍታው 1,917 ሜትር ስለ ሆነ፤ ለደጋ ሰው ትንሽ ይመስለዋል፤ አዲስ አበባ እንኳ ከዚያ በላይ ናትና። ነገር ግን አየሩ ክፉ ነው። በ1934 በኤፕሪል 12 ቀን በተራራው ራስ ላይ የተለካው ነፋስ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር፤ በረዶም በየትኛውም ወር ሊጥልበት ይችላል። ከታች በሸሚዝ ብቻ የተነሣ ሰው፤ ዛፍ ከማይበቅልበት ቦታ ሲደርስ ብርዱ ይይዘዋል።

ስለዚህ ሕዝብ በሚበዛባቸው ቀኖች፤ ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎች በእግር መንገዱ መነሻ ላይ ይቆማሉ። ማለዳ መጥተው ጠረጴዛ ዘርግተው፤ ካርታና የዕለቱን አየር የሚነግር ጽሑፍ አስቀምጠው መንገደኛውን ይጠብቃሉ። አስቀድመው እንኳን ደኅና መጣችሁ ይላሉ፤ ቀጥለውም ወዴት እንደሚሄድ፤ መቼ እንደሚመለስ፤ ምን እንደ ያዘ ይጠይቁታል። ሊይዝ የሚገባውም ዐሥር ነገር ነው፤ ካርታ፤ ኮምፓስ፤ የሙቀት ልብስ፤ ትርፍ ምግብና ውሃ፤ የእጅ ባትሪ፤ ክብሪት፤ የመጀመሪያ ርዳታ መድኃኒት፤ ፊሽካ፤ የዝናብ ልብስና ሰንጢ።

እነዚህ ሰዎች ማንንም ለመከልከል ሥልጣን የላቸውም፤ ኀይላቸው መልካም ቃል ብቻ ነው። አንድ አባት ከቀትር በኋላ ልጆቹን አስከትሎ መጥቶ ወደ ተራራው ራስ እንወጣለን ቢላቸው፤ «ጌታዬ፤ ዛሬ ከላይ ነፋስ በርትቷል፤ ባትሪም አልያዙም፤ ከዚህ ቅርብ ያለውን ፏፏቴ ቢያዩ ልጆችዎ ደስ ይላቸዋል» ይሉታል። አባትየውም በልጆቹ ፊት ሳያፍር አሳቡን ለመለወጥ ምክንያት ያገኛል። ይህንኑ ምክር እኩለ መንገድ ላይ ቢሰማው ግን፤ ድካሙ በከንቱ የሚቀር እየመሰለው ለመመለስ እንቢ ባለ ነበር። ስለዚህ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ትልቁ ጥቅም፤ መመለስ ቀላል በሆነበት ቦታ ቆመው ማነጋገራቸው ነው።

ቃሉ በጊዜው ካልተነገረ ዕዳው በሌላ ሰው ላይ ይወድቃል። እግሩ የተሰበረውን መንገደኛ በቃሬዛ ለማውረድ ብዙ ሰው እየተለዋወጠ በጨለማ ይደክማል። በኒው ሃምሽየር ሕግ ይህ ፍለጋ የዓሣና የአራዊት መሥሪያ ቤት ሹማምት ኀላፊነት ነው፤ በቸልተኛነት ራሱን ለአደጋ የሰጠ ሰውም ወጪውን እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል።

መንግሥቱም አገልጋዮቹን አልዘነጋም። በ1972 በወጣው ሕግ የደን መሥሪያ ቤቱ በፈቃዳቸው የሚመጡትን እንዲቀበል ተፈቀደለት፤ ደመወዝ ባይከፈላቸውም በሥራው ላይ ጉዳት ቢያገኛቸው እንደ መንግሥት ሠራተኛ ካሣ ያገኛሉ።

ክቡራን አንባቢዎች፤ በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን እንግዳ መቀበልን ከእናቶቻቸው የተማሩ ናቸውና፤ በዕረፍት ቀናቸው ከዚህ አገልግሎት ቢገቡ ያምርባቸዋል። በቤታችንም ቢሆን ትምህርቱ ይጠቅመናል። ልጆቻችን ወደ እንጦጦ ወይም ወደ መናገሻ ደን ሲነሡ፤ ወዴት፤ ከማን ጋራ፤ መቼ ትመለሳላችሁ ብለን ከደጃፍ ሳያልፉ እንጠይቃቸው። አጠያየቃችን ግን የፍርድ ቤት ምርመራ አይምሰል፤ የተመረመረ ልጅ ይሸሽጋል፤ በፍቅር የተጠየቀ ግን እውነቱን ይናገራልና። ደክሞት ወይም ፈርቶ ከመንገድ የተመለሰውንም ልጅ ፈሪ ብለን አናሳፍረው፤ ተራራው ነገም በቦታው ይገኛል።