ክፍል ከተለቀቀ በኋላ፤ ትርፍ ሰዓትና ክረምት ለጌዴኦ ወጣቶች

ከትምህርት ሰዓት ውጪና በክረምት ለወጣቶች የሚዘጋጅ መርሐ ግብር ሲባል፣ ፈረቃ ካበቃ በኋላ ወይም ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው በሐምሌና በነሐሴ፣ በመምህር ወይም በአሠልጣኝ ክትትል የሚካሄድ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ንባብ፣ ስፖርት፣ ኪነ ጥበብና የሙያ ልምምድ ማለት ነው። በዲላ ከተማና በጌዴኦ ዞን ግን የወጣቱ ሰዓት ክፍል ስለተለቀቀ ባዶ አይሆንም፤ በገጠር ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቀማል፣ ታናናሾች ይጠበቃሉ፣ በከተማ ደግሞ ሊስትሮና የጎዳና ላይ ንግድ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በዚህ ዞን የሚታሰብ ማንኛውም መርሐ ግብር አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ ቤተሰቡ ከሚኖርበት የሥራ ዘመን ጋር እንዴት ይገጥማል የሚለው ነው።

ያንን ዘመን የሚቆጥረው ከሁሉም በላይ ቡና ነው። ይርጋጨፌን ለዓለም ገበያ ያስተዋወቀው እሸት ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት በመሆኑ፣ የለቀማው ወቅት ከመደበኛው ትምህርት ጋር ይጋጫል፤ በተቃራኒው ክረምቱ የቡናው ገንዘብ ያለቀበት፣ ቀጣዩ ምርት ያልደረሰበት ጊዜ ስለሆነ ለደብተርና ለልብስ የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ ልጆች ወደ ከተማ የሚወጡበት ነው። በለቀማ ወቅት ያለፈውን ትምህርት የሚያካክስ የከሰዓት ክፍል፣ በክረምት ደግሞ ምሳ የሚያቀርብ የንባብ መርሐ ግብር፣ ለዚህ ዞን ከሌላ ቦታ ከተቀዳ ሰሌዳ ይልቅ የሚጠቅሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ረጅም ዕረፍት የተማሩትን እንደሚሸረሽር ተመራማሪዎች በአሜሪካም ሆነ ከአሜሪካ ውጪ አስተውለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት የማላዊ ተማሪዎች ከአንድ ክፍል ወደ ቀጣዩ በሚሸጋገሩበት ዕረፍት የማንበብ ችሎታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። በቤቱ መጽሐፍ ያለው ልጅ በዕረፍቱም ማንበቡን ሊቀጥል ሲችል፣ የሌለው ግን መስከረም ላይ ቀድሞ የሚያውቀውን እንደገና ለመማር ይገደዳል። በአገራችን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከታወቀ ወዲህ የማጠናከሪያ ትምህርት ጉዳይ የብዙ ወላጆች መነጋገሪያ ሆኗል፤ ሆኖም ይህ ትምህርት ፈተናው በተቃረበበት ዓመት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ከታች ክፍሎች ጀምሮ የተከማቸውን ጉድለት አይሞላም።

ማንኛውም ስብስብ ግን ይጠቅማል ማለት አይደለም። ጆሴፍ ደርላክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ሰፊ የጥናቶች ግምገማ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ያሉ መርሐ ግብሮች በራስ መተማመንን፣ ከትምህርት ቤት ጋር ያለን ትስስርና የትምህርት ውጤትን እንደሚያሻሽሉ ቢያሳይም፣ ይህን ውጤት ያገኘው ትምህርቱ ደረጃ በደረጃ በሚሰጥባቸው፣ ወጣቶቹ አዳማጭ ሳይሆኑ ሠሪ በሆኑባቸው፣ በቂ ጊዜ በተመደበላቸውና ግባቸው በግልጽ በታወቀ መርሐ ግብሮች ብቻ ነው። ወጣቶችን አንድ አዳራሽ ሰብስቦ ሰዓት ማሳለፍ ትርፉ እምብዛም ነው።

ክረምትን ለትምህርት ማዋል ለጌዴኦ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ማስተማሪያ ከሆኑት 15 የአገሪቱ ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ነበር፤ ከአስተማሪዎቹም ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ይህ ልምድ ወጣቱ ራሱ አስተማሪ ሲሆን የሚያገኘውን ኃላፊነት ያሳያል፤ ዛሬም በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደየቀያቸው የሚመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ሲያስተምሩ የሚቀጥለው ይኸው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ዲላ ዩኒቨርሲቲም የማኅበረሰብ አገልግሎት ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር ተልዕኮው በመሆኑ፣ መምህራኑና ቤተ ሙከራዎቹ በክረምት ለአካባቢው ተማሪዎች ቢከፈቱ ከተልዕኮው ውጪ የሆነ ነገር አይጠየቅም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ሀብት ግን ከግቢ ውጪ ያለው ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ለዚህም ያበቃው እንሰት፣ ቡናና አገር በቀል ዛፎች በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው የሚበቅሉበት ጥምር ግብርና፣ ጥንታውያን ትክል ድንጋዮችና የሽማግሌዎች ጥበቃ ነው። ይህን ዕውቀት የያዙት በባሌ፣ ማለትም በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን በሚተላለፍበት ባህላዊ የዕድሜ እርከን ሥርዓት ውስጥ ያለፉ አዛውንት ናቸው። ወጣቱ በክረምት የዛፎችን ስምና ጥቅም ከአዛውንቱ ሰምቶ ቢመዘግብ፣ የቱቱ ፌላን ትክል ድንጋዮች ቢለካና ቢሥል፣ ሳይንስን፣ ታሪክንና ቋንቋን በአንድ ጊዜ ይማራል፤ አስጎብኚነትም የገቢ መንገድ ሊሆነው ይችላል። እርሻን የውድቀት ምልክት አድርጎ እያየ ለሚያድግ ትውልድ፣ የቤተሰቡ ማሳ የዓለም ቅርስ መሆኑን ማወቅ የሚሰጠው ክብር ቀላል አይደለም።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በግጭት ምክንያት በተፈናቀለ ጊዜ፣ ልጆች የሚጫወቱበትና የሚያዋዩአቸው ሰዎች ያሉበት የተጠበቀ ስፍራ ምግብና መጠለያ ካላቸው ፋይዳ ሊነጠል እንደማይችል ታይቷል። የጌዴኦንና የጉጂን ወጣቶች በአንድ የእግር ኳስ ቡድን ወይም በአንድ የቲያትር ክበብ የሚያገናኝ መርሐ ግብር ሊሠራ የሚችለው የዕርቅ ሥራ ስላለ፣ የአካባቢው የስፖርትና የወጣት ማዕከላት ሲታቀዱ ይህ ከግምት ሊገባ ይገባል።

ልጃገረዶችን በሚመለከት ችግሩ ፍላጎት ሳይሆን ሰዓት ነው። እናት ገበያ ስትውል ቤት የምትውለውና ታናሹን የምታዝለው ሴቷ ልጅ በመሆኗ፣ በገበያ ቀን የሚጠራ ወይም እስከ ምሽት የሚዘልቅ ትምህርት ለእርሷ እንደሌለ ይቆጠራል። ታናሹን ይዛ መምጣት የምትችልበት ማቆያ ያለው፣ ከጠዋቱ ሥራ በኋላ የሚጀምርና ሳይመሽ የሚያበቃ፣ ከቤቷም በእግር የሚደረስበት መርሐ ግብር ሲዘጋጅ ግን እናቲቱም ለመፍቀድ አትቸገርም።