ስሟ የበዛ ሞተር ቢሲክሌት

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. የጀርመኑ ዲ.ኬ.ደብልዩ ፋብሪካ አርቲ 125 የተባለች ቀላል ሞተር ቢሲክሌት አወጣ። ሞተሯ ባለ ሁለት ምት ነው፤ ይኸውም ቤንዚኑ ዘንጉ በዞረ ቍጥር ይቃጠላል። ቫልቭ የላትም፤ የሲሊንደሩን ቀዳዳዎች የሚከፍትና የሚዘጋው ራሱ ፒስቶኑ ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቃጠል ጢሷ ብዙ ነው፤ ከኋላዋ የሚሄድ ሰው ያውቀዋል።

ጀርመን በ1945 ከተሸነፈች በኋላ ንድፏ ለአሸናፊዎቹ የጦር ካሣ ሆነ። ሶቪየቶች በ1946 ሞስክቫ፣ እንግሊዞች በ1948 ባንታም አሏት፤ በአሜሪካም ሃርሊ ዴቪድሰን ሠራት። እኔን እጅግ ያስገረመኝ የባንታም ነገር ነው፤ የእንግሊዝ ነጂ ማርሽ የሚለውጠው በቀኝ እግሩ ስለ ነበረ፣ ሞተሯ በመስተዋት እንደሚታይ መልክ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ተሠራ።

ካሣ ያልደረሳት ጃፓንስ? ያማሃ የመጀመሪያ ሞተር ቢሲክሌቱን በ1955 ያወጣው ይህችኑ አይቶ ነው። ኮራጅ ሊባል ይገባዋልን? እኔ አይመስለኝም፤ በዚያው ዓመት በፉጂ ተራራ አቀበት ውድድር በክፍሏ አንደኛ ወጥታለችና።