ፍጥነት ብቻውን ዋት አይወጣውም

አዳማ ዙሪያ ኮረብታዎቹ ላይ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አሉ። አዳማ 1 በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ 2 ደግሞ በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ስለ ቦታው ሲወራ ግን ሁሌም የሚነሳው አንድ ነገር ነው፦ የነፋሱ ፍጥነት። ፍጥነት ብቻውን ስለ ኃይል ሊነግረን የሚችለው በጣም ጥቂት ነው። ይህን ለማረጋገጥ ኮረብታው ላይ መውጣትም አያስፈልግም፤ አሃዶቹን ማየት ይበቃል።

አንድ ዋት ሲበተን አንድ ኪሎ ግራም ሲባዛ በሜትር ካሬ፣ ሲካፈል ለሰከንድ ኩብ ነው። ፍጥነት ውስጥ ያሉት ሜትርና ሰከንድ ብቻ ናቸው፤ ኪሎ ግራሙ ከየት ይምጣ? ከአየሩ እፍጋት፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ አየር ከሚይዘው ክብደት ነው የሚመጣው። የቀረው ክንፉ ሲዞር የሚሸፍነው ስፋት ነው። ከሦስቱ መካከል ሰከንድ ያለው ፍጥነት ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ሰከንድ ኩብ እንዲገኝ ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ መባዛት አለበት። ሌላ ምርጫ የለም። ነፋሱ በእጥፍ ሲበረታ የሚሸከመው ኃይል ስምንት እጥፍ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

«አሃድ ማመሳከር ቁጥሩን አይሰጥም» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ቀመሩ ፊት ያለውን ግማሽ በዚህ መንገድ አናገኘውም። ተርባይን ከነፋሱ ኃይል 59 በመቶ ገደማ በላይ ሊወስድ እንደማይችል ያሳየው የአልበርት ቤትስ ስሌትም ከአሃድ አይወጣም። አሃድ የሚነግረን የትኛው መጠን ከስሌቱ እንደጎደለ ነው፤ አዳማ ላይ ደግሞ የሚዘነጋው እፍጋቱ ነው።

በባሕር ወለል፣ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዳማ፣ በ20 ዲግሪ አካባቢ፣ ወደ 0.98 ይወርዳል። በሰከንድ 8 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በባሕር ወለል በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ 314 ዋት ገደማ ሲይዝ፣ እዚህ 251 አካባቢ ነው። አንድ አምስተኛው ጎደለ ማለት ነው። በስምጥ ሸለቆው ወደ መተሐራ ሲወረድ፣ ሙቀቱ ቢጨምርም አየሩ እንደገና ይከብዳል። ስለዚህ የሁለቱን ከተሞች ነፋስ በፍጥነት ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ነፋሱ 8 በመቶ ቢፈጥን ይህ ጉድለት ይካሳል፤ ታዲያ ምን ያስጨንቃል? ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ይኸው ሒሳብ በፍጥነት ልኬት ላይ የምትሠራ ትንሽ ስህተት ሦስት ጊዜ እንደምትባዛም ይነግረናል። አቪዬሽን ነፋስን የሚለካው በኖት ነው፤ ያንን ቁጥር ሜትር በሰከንድ ነው ብሎ የወሰደ ሰው ኃይሉን ከሰባት እጥፍ በላይ ያጋንነዋል። ኪሎ ሜትር በሰዓትን እንዲያ ያነበበማ 47 እጥፍ ገደማ!

እባካችሁ፣ የነፋስ ቁጥር ስታጋሩ አሃዱንና የቦታውን ከፍታ አብራችሁ ጻፉ።