የፍሬን ቱቦ ዝገትና የእርዳታ ተሽከርካሪዎች ዝግጁነት

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት ከአሰብ ወደብ ወደ ወሎ የተጓጓዘው የእርዳታ እህል በብዛት የተጫነው በከባድ መኪና ነበር። ይህን መሰል ተሽከርካሪ እንደ ንግድ መኪና ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። በደህናው ዘመን በግቢ ቆሞ ይከርማል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ሙሉ ጭነት ተሸክሞ የጣርማ በርን ወይም የዓባይን በረሃ ቁልቁለት እንዲወርድ ይታዘዛል። የቆመ መኪና ሁሉ ዝግጁ መኪና አለመሆኑን የሚያሳየው በመጀመሪያ ፍሬኑ ነው።

በዘይት ግፊት በሚሠራ ፍሬን ውስጥ ያለው ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የመፍያው መጠን ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አያንስም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፤ ፔዳሉም ያለ ኃይል ይሰምጣል። ይኸው እርጥበት የብረቱን ቱቦ ከውስጥ ያዝገዋል። የላስቲኩ ቱቦ ደግሞ በዕድሜ ብዛት ይሰነጣጠቃል፤ መያዣ ብረቱ ዝጎ ሲያብጥም ይጨመደዳል። እንዲህ የጠበበ ቱቦ ዘይቱን በግፊት አሳልፎ መልሶ ስለማይለቅ፣ ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም ጎማው እንደተያዘ ይቀራል።

በመሆኑም የተጎዳ ቱቦ መለወጥ እንጂ መበየድ ወይም መቀጠል አይገባውም። መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ታኮ ይደረግለታል፤ በክሪክ ብቻ ተደግፎ ከሥሩ መግባት ክልክል ነው። የዛገው ዳዶ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ተቀብቶ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ዙሪያውን በሚይዝ ቁልፍ ይፈታል። የአንዱ ጎን የላስቲክ ቱቦ ሲለወጥ የሌላውም አብሮ ይለወጣል። አዲሱ ቱቦ ርዝመቱ ከአሮጌው እኩል፣ ሮንዴላውም አዲስ መሆን አለበት። ቱቦው ሳይጠማዘዝ ከታሰረ በኋላ መሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ዞሮ፣ ጎማውን አለመንካቱ ይረጋገጣል።

አየሩ በአመዛኙ ከፍሬን ማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምሮ ይወጣል፤ የወጣው ዘይት ተመልሶ አይጨመርም። የሞተር ዘይት ላስቲኩን ስለሚያሳብጥ በምትኩ ፈጽሞ አይገባም። በመጨረሻም ፔዳሉ በኃይል ተረግጦ መጋጠሚያዎቹ ይፈተሻሉ፤ መኪናው ያለ ጭነት በዝግታ ተሞክሮ ነው ለጉዞ የሚፈቀድለት።

የአንድ ቱቦ ዋጋ ከአንድ ጭነት እህል ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ከሹፌሩና ከረዳቱ ሕይወት ጋርማ ጨርሶ አይነጻጸርም። ስለዚህ የሥምሪት ኃላፊዎች ይህን ምርመራ የጥሪ ትእዛዝ እስኪደርስ ሳይጠብቁ፣ መኪናው በቆመበት ወራት ሊያስፈጽሙት ይገባል።